ቲን ሳይል የተከፈተ በር

ቤታችሁ ማይክሮዌቭ ካለ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቆጥሮ እስኪጨርስና ቲን እስኪል ትጠብቃላችሁ? እኔ አልጠብቅም። የትናንቱን ሽሮ አስገብቼ ሁለት ደቂቃ እሞላለሁ። አሥር ሰከንድ ሲቀረው ትዕግሥቴ ያልቅና በሩን ጎትቼ እከፍተዋለሁ። ማሽኑ ያኔውኑ ቀጥ ይላል። ማንም አይጎዳም። ቢበዛ ቢበዛ የሽሮው መሀል ሳይሞቅ ይቀራል።

አውስትራሊያ ውስጥ ግን ይህችው ችኮላ ብዙ ሊቃውንትን ግራ አጋብታለች። ከ1998 እስከ 2015 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) አንድ ትልቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ምንጩ ያልታወቀ ምልክት አልፎ አልፎ ሲመዘግብ ኖረ። ምልክቱ ከሌላ ጋላክሲ የመጣ ይመስላል። ግን ደግሞ አይመስልም። በመጨረሻ የተገኘው ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

ቦታው ፓርክስ ይባላል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ከሲድኒ በስተ ምዕራብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በግ በሚሰማራበት ሜዳ መሀል፣ 64 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ቆሟል። ሥራ የጀመረው በ1961 ነው። የአገሩ ሰው ራሱ "ዲሹ" ነው የሚለው። በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ሲራመዱ ዓለም ካየው ምስል አብዛኛው የመጣው በእሱ በኩል ነው። እኛ ጣራ ላይ ከምንሰቅለው ዲሽ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ከሰማይ የሚመጣ ደካማ ሞገድ ሰብስበው ፊት ለፊታቸው ወዳለው መቀበያ ያንጸባርቃሉ። ልዩነቱ የእኛው የሚያዳምጠው ሰው ሆን ብሎ የላከለትን ነው። የፓርክሱ ግን ማንም ያልላከውን ነው የሚያዳምጠው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ ባንዶች ጥቂት ልበል፤ ካለዚያ ታሪኩ አይገባም። ማይክሮዌቭ ማለት ምድጃው ብቻ አይደለም። ከ1 ጊጋኸርዝ ገደማ ወደ ላይ ላሉት የራዲዮ ሞገዶች የጋራ ስም ነው፤ ምድጃው ስሙን የወሰደው ከእነሱ ነው። (1 ጊጋኸርዝ ማለት ሞገዱ በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው፤ ከፍተኛ ሞገድ ስል ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበውን ነው።) መሐንዲሶች ይህን ሰፊ መንደር በፊደል ከፋፍለውታል። ከ1 እስከ 2 ጊጋኸርዝ ኤል ባንድ ይባላል። ከ2 እስከ 4 ኤስ፣ ከ4 እስከ 8 ሲ፣ ከ8 እስከ 12 ኤክስ፣ ከ12 እስከ 18 ኬዩ። ፊደሎቹ ቅደም ተከተል የላቸውም፤ ምክንያቱም የመጡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራዳር ሥራ ነው። ያኔ ጠላት እንዳይረዳ ተብሎ ነበር እንዲህ የተወሳሰቡት። እኛም እስከ ዛሬ እንደተወሳሰብን አለን።

እነዚህ ባንዶች የሩቅ ነገር አይምሰሏችሁ። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ ኤል ባንድ ላይ ነው፤ 1.575 ጊጋኸርዝ። ዋይፋይና ብሉቱዝ ኤስ ባንድ ውስጥ 2.4 ላይ ይጨናነቃሉ። አዲሶቹ ራውተሮች የሚጨምሩት 5 ጊጋኸርዝ ሲ ባንድ ውስጥ ነው። የድሮዎቹ ግዙፍ ዲሾች ሲ ባንድ ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ትንንሾች ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ያለውን ይቀበላሉ፤ ሰው በደፈናው ኬዩ ይለዋል። ዲሹ ፊት ላይ የተገጠመው ኤልኤንቢ ደግሞ ይህን ከፍተኛ ሞገድ አውርዶ ኤል ባንድ ያደርገዋል። ያን ከፍተኛ ሞገድ ያ ቀጭን ኬብል ተሸክሞ ሳሎን አያደርሰውም፤ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከጣራ ወደ ሪሲቨር የሚወርደው ገመድ ውስጥ አሁንም ኤል ባንድ እየሄደ ነው።

ፓርክስም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያዳምጠው ኤል ባንድን ነበር፤ 1.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ። ይህ ቦታ ለሥነ ፈለክ ሰዎች እንደ ቅዱስ ስፍራ ነው። በጠፈር የተበተነው ሃይድሮጅን 1420 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም 1.42 ጊጋኸርዝ ላይ የራሱን ድምፅ ያሰማል። በዚህ ምክንያት ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ማንም ምንም እንዳያሰራጭ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። ምድጃው ደግሞ የሚሠራው ከዚያ በጣም ርቆ፣ 2.45 ላይ ነው። ለምድጃና ለመሳሰሉት መሣሪያዎች ከ2.4 እስከ 2.5 ተፈቅዷል። በወረቀት ላይ ሁለቱ ጎረቤት እንኳን አይደሉም።

ነገሩ የተጋጋለው በ2007 ነው። ደንከን ሎሪመር የተባለ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ተማሪውን ዴቪድ ናርኬቪክን በፓርክስ የቆየ መዝገብ ላይ ያሠራው ነበር። ተማሪው በ2001 የተቀዳ አንድ ብልጭታ አገኘ። ከ5 ሚሊሰከንድ ያነሰ ቆይታ፣ ግን እጅግ ኃይለኛ። ጉልበቱ ከሚያስገርመው በላይ ያስገረመው ግን አመጣጡ ነበር። ከፍተኛው ሞገድ ቀድሞ ደረሰ፤ ዝቅተኛው እየዘገየ ተከተለ።

የዚህን ትርጉም በታላቁ ሩጫ ላስረዳ። ከመስቀል አደባባይ አንድ ላይ የተነሡ ሁለት ሯጮችን አስቡ፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ልዩነታቸው ጥቂት እርምጃ ነው። አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን አንዱ ሜዳሊያውን አጥልቆ ውሃ ሲጠጣ ሌላው ገና አይታይም። ፍጥነታቸውን የሚያውቅ ሰው ልዩነታቸውን አይቶ ስንት እንደሮጡ ያሰላል። በጠፈር ውስጥ የተበተኑት ኤሌክትሮኖችም ዝቅተኛውን ሞገድ ከከፍተኛው ይበልጥ ያዘገዩታል። መዘግየቱ በበዛ ቁጥር የተሻገረው ኤሌክትሮን በዝቷል፤ ብዙውን ጊዜ ያ ማለት መንገዱ ረዝሟል ነው። የሎሪመር ብልጭታ መዘግየት በዚያ አቅጣጫ የእኛ ጋላክሲ ሊያመጣው ከሚችለው ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር። ማለትም ከውጭ፣ በጣም ከሩቅ የመጣ መሰለ።

ጉድ ተባለ። ወዲያው ደግሞ ጥርጣሬው መጣ። አንድ ብልጭታ፣ አንድ ቴሌስኮፕ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ ቦታ ማንም አላየውም።

ጥርጣሬውን ያባባሰው የ2011 ጥናት ነው። ሳራ በርክ-ስፖላኦርና ባልደረቦቿ የፓርክስን መዝገብ ሲበረብሩ 16 ሌሎች ብልጭታዎች አገኙ። እነዚህም ከፍተኛው ሞገድ ቀድሞ፣ ዝቅተኛው ዘግይቶ የሚመጣባቸው ነበሩ። ብዙዎቹ የመዘግየት መጠናቸው እንኳ ከሎሪመሩ ብልጭታ ጋር ይቀራረብ ነበር። ግን አንድ ነገር አሳበቀባቸው። ያኔ የነበረው የፓርክስ መቀበያ 13 ጆሮ ነበረው፤ እያንዳንዱ ጆሮ የሰማዩን የተለያየ ቁራሽ ያዳምጥ ነበር። ከሩቅ ከአንድ ነጥብ የሚመጣ ነገር የሚሰማው በአንዱ ወይም በጥቂቶቹ ነው። እነዚህ ግን በ13ቱም እኩል ተሰሙ። ዲሹ ወደ ሰማይ ሲያይ እነሱ በጎኑ ሾልከው እየገቡ ነበር ማለት ነው። ምንጩ ምድር ላይ ነው።

ስም ወጣላቸው፤ ፔሪቶን። በተረት ውስጥ ያለ ፍጥረት ነው፤ አጋዘን ሆኖ ክንፍ አለው፣ ጥላው ግን የሰው ነው። ስም አወጣጡን አደንቃለሁ። ምክንያቱም ኋላ ላይ እውነትም ጥላው የሰው ሆኖ ተገኘ።

የተመዘገቡበት ሰዓትም ያስጠረጥር ነበር። ሌሊት የሉም። ቀን ነው፣ በሥራ ሰዓት፣ በተለይ ምሳ ሰዓት አካባቢ። ጋላክሲ ምሳ አይበላም። እንዲያም ሆኖ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። መብረቅ ይሆን የሚልም ነበር። ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚህ መሀል እውነተኛ የሚመስሉ ፈጣን የራዲዮ ብልጭታዎች ቁጥር እየጨመረ ነበር፤ በ2013 ብቻ አራት አዳዲስ ከፓርክስ ይፋ ሆኑ። ፔሪቶኖቹ ካልተፈቱ በእነዚያም ላይ ማንም ሙሉ እምነት አይጥልም። "እናንተ ጋ ብቻ የሚታይ ነገር" ከመባል የባሰ ስድብ በሳይንስ ውስጥ ብዙ የለም።

በ2014 መጨረሻ ፓርክስ ላይ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ተተከለ። ትልቁን ዲሽ አያክልም፤ ሥራውም ሰማይ ማየት አይደለም። ግቢው ውስጥና ዙሪያው ያለውን ረብሻ እስከ 3 ጊጋኸርዝ ድረስ እየተከታተለ ይመዘግባል። በእኔ አስተያየት ጉዳዩን የፈታው እሱ ነው። ትልቁ ዲሽ 1.4 ላይ ጆሮውን ተክሎ 2.4 ላይ የሚሆነውን አይሰማም። ሌባው በዋናው በር ሲገባ ዘበኛው በጓሮ ቆሞ እንደማለት ነው።

ከአንድ ወር በኋላ፣ በጥር 2015፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ፔሪቶኖች መጡ። ኤሚሊ ፔትሮፍ በሜልበርን የስዊንበርን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። እሷና ባልደረቦቿ የሁለቱን መሣሪያዎች መዝገብ ጎን ለጎን አስቀመጡት። ዲሹ 1.4 ላይ ፔሪቶን ባየባት በእያንዳንዷ ቅጽበት፣ ትንሹ መሣሪያ ከ2.3 እስከ 2.5 ጊጋኸርዝ ኃይለኛ ሞገድ መዝግቧል። ሦስት ለሦስት። ሌላ ምልከታ ጣቢያ ላይ ያለ ተመሳሳይ መሣሪያ ግን በዚያ ሰዓት ምንም አላየም። ስለዚህ ምንጩ ሰፈር ውስጥ ነው። 2.4 ላይ ያን ያህል ጉልበት ያለው ሰፈር ውስጥ ምን አለ? መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም፤ እኔን የሚማርከኝም ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መዝገቡ ላይ የ2.4 ምልክት ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ሰው በየቀኑ ምግብ ያሞቃልና። ፔሪቶን ግን ብርቅ ነው። ማይክሮዌቭ በተነሣ ቁጥር ፔሪቶን ቢመጣ ኖሮ ገና በ1998 ይታወቅ ነበር። ደግሞስ 2.45 ላይ የሚሠራ ምድጃ 1.4 ላይ ምን አደረሰው?

ሞከሩት። ውሃ የሞላ የሴራሚክ ኩባያ ምድጃው ውስጥ አስቀምጠው አስነሡት። ቆጠረ፣ ጨረሰ፣ ቲን አለ። ዲሹ ምንም አላየም። ደገሙት፤ ያው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ መብረቁ ይመለስ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ለወጡ። ውጤቱ የወጣው መጋቢት 17 ቀን 2015 በፈረንጆቹ ነው። ምድጃው ቆጥሮ እስኪጨርስ አልጠበቁም። እየሠራ ሳለ በሩን ከፈቱት። ፔሪቶን መጣ። የዚያን ቀን ሦስት አገኙ፤ ሁሉም በሩ ሲከፈት።

የምድጃው ልብ ማግኔትሮን ይባላል። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1940፣ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ለራዳር የተሠራው ዓይነት መሣሪያ ዘመድ ነው። ኋላ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ኃይል በትክክል ሲደርሰው 2.45 ላይ ረግቶ ይሠራል። እየሠራ በሩን ስትከፍቱ ግን ማብሪያው ኃይሉን በድንገት ይቆርጠዋል። ማግኔትሮኑ ያኔውኑ ዝም አይልም። ኃይሉ እየወረደ ባለበት በዚያች ከሰከንድ ያነሰች ቅጽበት ይንገዳገዳል። ሞገዱም ከተፈቀደለት መንደር ወጥቶ 1.4 አካባቢ ይደርሳል፤ እዚያም ወደ ታች ይንሸራተታል። ከፍተኛው ቀድሞ፣ ዝቅተኛው ተከትሎ። ከሩቅ ጋላክሲ የመጣ ብልጭታም የሚንሸራተተው በዚሁ አቅጣጫ ነው! ለዚያውም በሩ ተከፍቷል፤ ሞገዱን አፍኖ የሚይዘው ሳጥን በዚያች ቅጽበት ክፍት ነው። ምድጃው ጊዜውን ጨርሶ ሲቆም ግን በሩ ዝግ ስለሆነ ዲሹ የሚሰማው ያህል አይሾልክም።

ሌላም ነገር መገጣጠም ነበረበት። ዲሹ የሚያይበት አቅጣጫ ምድጃው ካለበት ቦታ ጋር መግጠም አለበት። አንዱ ምድጃ ከቴሌስኮፑ ሥር ባለው ሕንጻ ውስጥ ነበር፣ ሌላው በጎብኚዎች ማእከል። ዲሹ ወደ አንድ በኩል ሲያዘነብል ለአንደኛው ይጋለጣል፣ ከሌላው ይከለላል። ስለዚህ ችኩል ሰው፣ የገጠመ አቅጣጫ፣ እና ያኔ እየተቀዳ ያለ መዝገብ፤ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ብቻ ፔሪቶን ይወለዳል። ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው።

ብዙዎቹን ፔሪቶኖች ፈጠሩ የተባሉት ሁለት ምድጃዎች ዕድሜያቸው ከ27 ዓመት በላይ ነበር። ተበላሽተው እንዳይመስላችሁ፤ በደንብ ይሠሩ ነበር። ሻይ ያሞቃሉ፣ ምሳ ያሞቃሉ። ማንም ደንብ አልጣሰም። ማንም ዕቃ አላበላሸም። ባንዶቹን የከፋፈለው ሰንጠረዥም ልክ ነው። ችግሩ ሰንጠረዡ የሚናገረው መሣሪያው ረግቶ ሲሠራ ስላለው ነገር ነው። ሲነሣና ሲጠፋ የሚያደርገውን ግን አይነግራችሁም።

በነገራችን ላይ አንድ የተስፋፋ ስህተት ልንካ። 2.45 ጊጋኸርዝ የተመረጠው የውሃ ሞለኪውል በዚያ ሞገድ ላይ ብቻ ስለሚደንስ ነው የሚል ወሬ አለ። አይደለም። ውሃ ማይክሮዌቭን ይበልጥ የሚመጠው በጣም ከፍ ብሎ፣ 20 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። 2.45 ላይ መጠነኛ መሆኑ እንዲያውም ጠቃሚ ነው፤ ሞገዱ ወደ ምግቡ ውስጥ ዘለቅ ይላል። 20 ላይ ቢሆን ኖሮ ላዩን ብቻ አቃጥሎ ይቀር ነበር። የእኔ ሽሮ መሀሉ የሚቀዘቅዘው በሞገዱ ሳይሆን በእኔው ችኮላ ነው።

ፔሪቶን ምድጃ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጋዜጦች ሳቁ። "ሊቃውንቱ የራሳቸውን ምሳ ከጠፈር መጣ ብለው" ዓይነት። ይህ ልክ አይደለም። የምድር ነገር መሆኑን ገና በ2011 ራሳቸው ተናግረዋል፤ የጠፋው ምንጩ ነበር። ደግሞ ፔሪቶኑ መፈታቱ ለእውነተኞቹ ብልጭታዎች ነጻ መውጫ ሆነላቸው። አሁን ማወዳደር ተቻለ። ፔሪቶን በ13ቱም ጆሮ ይሰማል፤ እውነተኛው በጥቂቶቹ። ፔሪቶን የቢሮ ሰዓት ያከብራል፤ እውነተኛው ሌሊትም ይመጣል። ፔሪቶን 2.4 ላይ ዱካ ይጥላል፤ እውነተኛው አይጥልም። የፔሪቶን መንሸራተት አልፎ አልፎ ይሰበራል፤ የእውነተኛው እንደ ቀመሩ ልስልስ ብሎ ይወርዳል። የሎሪመር ብልጭታም በዚህ ወንፊት አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጥኗል። በ2016 ደጋግሞ የሚፈነዳ አንድ ምንጭ ይፋ ሆነ፤ በ2017 ደግሞ ቤቱ ተገኘ። 3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ ያለች ትንሽ ጋላክሲ ናት። በሚያዝያ 2020 በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ያለ ማግኔታር፣ ማለትም ከፍተኛ ማግኔታዊ ጉልበት ያለው የሞተ ኮከብ፣ ተመሳሳይ ብልጭታ ሲለቅ ተያዘ። በ2023 ሎሪመር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ለዚህ ግኝት ሾው የተባለውን ዓለም አቀፍ የሳይንስ ሽልማት ተቀበለ። ፔሪቶን ግን ሽልማት የለውም።

እኔም ይህን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር አስተካክያለሁ። ሽሮ ባሞቅሁ ቁጥር ሳሎን ያለው ቪዲዮ ቀጥ ይል ነበር። ኔትወርኩን እየረገምኩ ኖሬያለሁ፤ ለካ ጥፋተኛው አጠገቤ ነው። ዋይፋዩና ምድጃው 2.4 ላይ አንድ ጠባብ ኮሪደር ይጋፋሉ። ምድጃው ከሚያመነጨው ጉልበት ጥቂቷ ብትሾልክ እንኳ ለዋይፋዩ ጩኸት ናት። ራውተሩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀየርኩት፤ ከግድግዳ በስተጀርባ ትንሽ ደከም ይላል እንጂ ቪዲዮው አይቆምም።

በሩን ግን አሁንም አሥር ሰከንድ ሲቀረው ነው የምከፍተው። ሰፈራችን 64 ሜትር ዲሽ የለም።